ጭብጨባው ያላጠገባት ደራሲ

ሐና ሞር እ.ኤ.አ. በ1745 በእንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል አጠገብ ከአንድ መምህር ቤት ተወለደች። ከአምስት እኅትማማቾች አራተኛዋ ነበረች። ያጫት ባለጠጋ ሠርጉን ደጋግሞ ካስተላለፈ በኋላ እጮኝነቱ ፈረሰ፤ እርሱም በየዓመቱ 200 ፓውንድ ቈረጠላት። ይህ ገንዘብ ሳትቸገር እንድትጽፍ አስቻላት። ልቧ ግን ለንደን ነበር።

ለንደን እንደ ገባች የዘመኑ ዝነኛ ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክና ባለቤቱ እንደ ልጃቸው ተቀበሏት። ታላቁ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰንም ወዳጇ ሆነ። በታኅሣሥ 1777 “ፐርሲ” የተሰኘው ተውኔቷ በኮቨንት ጋርደን ቲያትር ቤት ሲታይ ከተማው ስለ እርሷ ብቻ አወራ። በሠላሳ ሁለት ዓመቷ የመኳንንት በር ሁሉ ተከፈተላት።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በጥር 1779 ጋሪክ ሞተ። በዚያው ዓመት የቀረበው ሁለተኛው ተውኔቷ ለጥቂት ምሽቶች ብቻ ታይቶ ወረደ፤ ይባስ ብሎ ሌላ ጸሐፊ ሥራዬን ሰርቃለች ብላ በአደባባይ ከሰሰቻት። ደግሞም የእሑድ ነገር ከድሮም ያስጨንቃት ነበር። በጌታ ቀን በታላላቆቹ ቤት ሙዚቃ ሲጀመር ጋሪክ ራሱ ሁኔታዋን አይቶ ወደ ክፍሏ ያሰናብታት ነበር።

ብዙዎቻችን ቀኑና ሰዓቱ የሚታወቅ ምስክርነት እንወዳለን። የሐና እንዲህ አልነበረም፤ ዓመታት ፈጀ። የጆን ኒውተንን የደብዳቤዎች መጽሐፍ አነበበች። በ1787 ያ የቀድሞ የባሪያ መርከብ አዛዥ ሲሰብክ ሰማችው፤ በዚያው ዓመት ከዊልያም ዊልበርፎርስ ጋር ተዋወቀች። “ፐርሲ” እንደ ገና መድረክ ላይ ሲወጣም ሄዳ ለማየት እንቢ አለች። የራሷን ተውኔት! በ1788 የባሪያ ንግድን የሚቃወም ግጥም አሳተመች።

በ1789 ዊልበርፎርስ የቼዳርን መንደር ድኅነት አይቶ አዘነ፤ ወጪውን እሸፍናለሁ ብሎ ሐናንና እኅቷን ማርታን ለሥራው አነሣሣቸው። እነርሱም በየገበሬው ቤት እየዞሩ ለመኑ። አንዱ ሀብታም ገበሬ ሃይማኖት እርሻን ያበላሻል ብሎ ተከራከራቸው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ የድኾች ልጆች መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀመሩ።

በ1795 ደግሞ በሳንቲም የሚሸጡ ትናንሽ ታሪኮችን ማሳተም ጀመረች። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሠራጨ። መኳንንቱን ያስደነቀው ብዕር አሁን ለእረኛውና ለጫማ ሰፊው ይጽፍ ነበር።