ጦርነትን ሳሎን ውስጥ ያስገባው ደራሲ

እስቲ አስቡት፤ በዓለም ዙሪያ ስሙ የታወቀ፣ አርባ ዓመትን የተሻገረ ደራሲ ወለል ላይ ተንበርክኮ በአሻንጉሊት መድፍ ሲያነጣጥር! ዛሬ ታሪኩን የምናካፍላችሁ ሰው ይሄው ነው፦ እንግሊዛዊው ኤች ጂ ዌልስ።

ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1866 ለንደን አጠገብ ባለችው ብሮምሊ ተወለደ። አባቱ አነስተኛ ሱቅ ነበረው፤ ክሪኬትም ይጫወት ነበር። ቤቱ ግን ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ዌልስ ሰባት ዓመቱ ላይ እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ ዋለ፤ ከመጽሐፍ ጋር የተዋደደውም ያኔ ነው። በኋላ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሥራ እንዲለምድ ተቀጠረ። አምርሮ ጠላው። እንደምንም ከዚያ ወጥቶ ለንደን ሳይንስ ተማረ። ከዚያማ ምን ልንገራችሁ፤ በ1895 «የጊዜ ማሽን»ን፣ በ1898 ደግሞ «የዓለማት ጦርነት»ን አሳትሞ ዝነኛ ሆነ።

ገንዘብ ሲያገኝ ሳንድጌት በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ቤት ሠራ። ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለደ። ወለሉ ሁሉ በልጆች መጫወቻ ተሞላ። ያኔ ብሪተንስ የተባለው ፋብሪካ ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ ቀለም የተቀቡ ትንንሽ ወታደሮችን ይሸጥ ነበር። በስፕሪንግ የሚተኩስ መድፍም ነበረው። ጥይቱ ትንሽ እንጨት ነው፤ ስምንት ሜትር ገደማ ርቆ የቆመን ወታደር ይጥላል።

አንድ ቀን አንድ ጓደኛው ምሳ በልቶ ቡና እስኪመጣ ድረስ መድፉን አነሳና አነጣጠረ። ወታደሩን ጣለው! ፉከራው ተጀመረ፣ ውድድሩ ቀጠለ። ዌልስም ነገሩን በዋዛ አላለፈውም፤ ሕግ አወጣለት።

ሕጉ ደስ ይላል። መጽሐፍና የእንጨት ጡብ ኮረብታና ቤት ይሆናሉ፣ ቅርንጫፍ ደግሞ ጫካ። ሁለቱ ጦሮች እስኪሰለፉ መሃል ላይ መጋረጃ ይዘረጋል፤ ማንም የማንንም አሰላለፍ እንዳያይ። እግረኛ በአንድ ተራ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ፈረሰኛ የዚያን እጥፍ። ጊዜው በሰዓት ይለካል፤ ካለቀ አለቀ። የመድፉን ውጤት የሚወስነው ዳይስ ሳይሆን የተኳሹ ዓይንና እጅ ነው። ጨበጣ ከሆነ ደግሞ አንድ ለአንድ ይጠፋፋሉ።

ይህን ሁሉ በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» በሚል መጽሐፍ አወጣው። የፕሩሲያ መኮንኖች ከእሱ በፊት በካርታ ላይ የጦርነት ጨዋታን ለሥልጠና ይጠቀሙበት ነበር። ዌልስ ግን ከጦር ሰፈር አውጥቶ ሳሎን ውስጥ አስገባው። ለዚህ ነው ብዙዎች የዚህ ጨዋታ አባት የሚሉት።

ታዲያ ጦርነት ወዳድ ነበር? በፍጹም! እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጨዋታውን ደጋግሞ የሞከረ ሰው እውነተኛው ጦርነት ምን ያህል የተዝረከረከ ነገር እንደሆነ ይገባዋል ብሎ ጻፈ። ጦርነት የሚናፍቁትን መሪዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ አስገብተን የአሻንጉሊት ወታደር ብንሰጣቸው ሌላው ሕዝብ በሰላም ይኖር ነበር የሚል ሐሳብም ነበረው።

ግን ማን ሰማው? መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። የሚያሳዝነው ደግሞ እሱ ራሱ ይህ ጦርነት ጦርነትን ያጠፋል ብሎ ደገፈው። አላጠፋም። በዚያው በ1914 ባሳተመው ልብ ወለድ ስለ አቶሚክ ቦምብ ጽፎ ነበር፤ ሂሮሺማ በ1945 ስትመታ ለማየትም በሕይወት ነበር። በዓመቱ፣ ነሐሴ 1946፣ በ79 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ።

ዛሬ በብዙ አገሮች ሰዎች ከጣት የማይበልጡ የናፖሊዮን ወይም የሮማ ወታደሮችን በቀጭን ብሩሽ፣ ቁልፍ በቁልፍ ቀለም ይቀባሉ። አንድ ጦር ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሰልፉና ይዋጋሉ። ሲያበቃ የወደቁት ሁሉ ተነስተው ወደ ሳጥናቸው ይመለሳሉ። ዌልስ የተመኘው ጦርነት እንዲህ ያለውን ነበር፤ ማንም እናት የማታለቅስበትን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? መሪዎችን ወለል ላይ አስቀምጦ ማጫወት ይሻል ነበር? ሐሳባችሁን አካፍሉን።