የሰዋስው መምህር ሊንድሊ ሙሬይ

የእንግሊዝኛ ድርሰት ደብተር በቀይ ቀለም ተሞልቶ ሲመለስ በልብ የሚሰማውን ነገር የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እኔም በታችኛው ክፍል ሳለሁ ማንም አልመጣም ለማለት «ኖቦዲ ዲድ ኖት ከም» ብዬ ጽፌ ነበር። በአማርኛችን «ማንም» ካልን በኋላ ግሱንም በአሉታ መዝጋት ግድ ነው። በእንግሊዝኛ ግን አንዱ አሉታ ሌላውን ያፈርሰዋልና፣ እኔ የጻፍሁት ሁሉም መጣ ወደ ማለት ዞረ። መምህሬ ቀዩን መስመር ካሰመሩበት በኋላ ሕጉን ደጋግሜ እንዳጠናው አዘዙኝ። ይህን ሕግ መጀመሪያ ያገኘው ሊንድሊ ሙሬይ ባይሆንም፣ ለብዙ ሕፃናት ያዳረሰው ግን እርሱ ነውና ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሙሬይ በ1745 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ተወለደ። አገሩ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ነበረች። ወላጆቹ ኩዌከር ከሚባለው የክርስቲያን ማኅበር ወገን ሲሆኑ፣ አባቱ ሮበርት ሙሬይ በኒው ዮርክ የታወቀ ነጋዴ ነበረ። አባትየው ልጁ የንግዱ ወራሽ እንዲሆን ፈለገ፤ የልጁ ልብ ግን ወደ መጻሕፍት አዘነበለ። አንድ ቀን አባቱ ቢቀጣው ተቈጥቶ ከቤቱ ጠፋና በኒው ጀርሲ በበርሊንግተን ከተማ ካለ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ከትምህርት ቤት የሚኮበልል ልጅ ብዙ ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት የኮበለለ ግን እምብዛም አይሰማም። በኋላ ከአባቱ ጋር ታረቀ፤ አባቱም የቤት አስተማሪ ቀጠረለት።

ሙሬይ ከዚያ በኋላ ሕግ ተማረ። አብሮት ከተማሩት አንዱ ኋላ የአሜሪካ የመጀመሪያው ዋና ዳኛ የሆነው ጆን ጄይ ነው። በ1767 ዓ.ም. ሐና ዶብሰንን አግብቶ በጥብቅና ሥራ ኖረ። በእንግሊዝና በአሜሪካ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወደ ሎንግ አይላንድ ገለል ብሎ ቈየ፤ ቀጥሎም ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ በንግድ በቂ ሀብት አገኘ።

ኑሮው ተደላደለ ሲባል ጤናው ተናጋ። የእግሮቹ ጡንቻ እየደከመ ሄዶ ጥቂት መራመድ እንኳ ያቅተው ጀመር። የአየር ለውጥ ይበጀው እንደ ሆነ ብሎ በ1784 ዓ.ም. ከባለቤቱ ጋር ባሕር ተሻግሮ፣ በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ አጠገብ በሆልጌት ተቀመጠ። አሳቡ ጥቂት ቈይቶ ለመመለስ ነበረ፤ ነገር ግን የተወለደባትን አገር ዳግመኛ አላያትም።

በዮርክ ኩዌከሮች የከፈቱት የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ነበረ። በዚያ የሚያስተምሩት ወጣት መምህራት ለተማሪዎቻቸው የሚስማማ የሰዋስው መጽሐፍ ቢያጡ፣ እንዲያዘጋጅላቸው ሙሬይን ለመኑት። እርሱም በመጀመሪያ አመነታ፤ በመጨረሻ ግን እሺ አለ። መጽሐፉ በ1795 ዓ.ም. ታተመ። በዚያን ጊዜ ሙሬይ የ50 ዓመት ሰው ነበረ።

መጽሐፉ አራት ክፍል አለው። አንደኛው ስለ ፊደልና ስለ ቃላት አጻጻፍ፣ ሁለተኛው ስለ ቃላት ዓይነትና ርባታ፣ ሦስተኛው ስለ ዓረፍተ ነገር አገባብ፣ አራተኛው ስለ ንባብ ዜማና ስለ ሥርዓተ ነጥብ ይናገራል። ተማሪው በቃሉ የሚይዘው ሕግ በትልቅ ፊደል፣ ማብራሪያው በትንሽ ፊደል ታትሟል። ነጥቦቹን ያስተማረው በዕረፍት ልክ ነው፤ በነጠላ ሰረዝ አንድ ብሎ የሚቈጥር በሴሚኮሎን ሁለት፣ በኮሎን አራት፣ በመዝጊያው ነጥብ ስምንት ይቈጥራል። ዛሬ ነጥቦች በይበልጥ የሚቀመጡት የዓረፍተ ነገሩን አሠራር በመከተል ነው፤ ሆኖም ሕፃን ልጅ ጮኾ ሲያነብ የት እንደሚተነፍስ ለማወቅ ይህ መንገድ ቀላል ነበረ።

በ1797 ዓ.ም. ደግሞ የመልመጃ መጽሐፍ አወጣ። በውስጡ ሆን ተብለው የተሳሳቱ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረው ተማሪው ያርማቸዋል። ያለ መምህር ብቻውን ለሚማርም መልሱን ለይቶ በሌላ መጽሐፍ አሳተመለት። በዚያው ዓመት ለጀማሪ ሕፃናት ሰዋስውን አሳጥሮ አዘጋጀ፤ በ1799 ዓ.ም. ደግሞ የንባብ መጽሐፍ ጨመረ። ለአንድ ትምህርት ቤት ተብሎ የተጻፈው ሥራ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተሰራጭቶ መጽሐፎቹ በሚሊዮን ተቈጠሩ። አብርሃም ሊንከንም የሙሬይን የንባብ መጽሐፍ ካነበቡት አንዱ ነው።

ጕድለቱንም መሸሸግ አይገባም። ብዙውን ሕግ ከእርሱ በፊት ከጻፉት፣ ይልቁንም ከሮበርት ሎውዝ ወስዶታል፤ ሥራው ማሰባሰብ እንደ ሆነም ራሱ ገልጾአል። ከሞተ በኋላ ከራሱ ጽሑፍ ስሕተት እየለቀሙ መጽሐፍ ያሳተሙበት ሰዎች ተነሥተዋል። ደግሞም ብዙ ልጆች ትርጕሙ ሳይገባቸው ሕጉን እንደ ውዳሴ በቃላቸው ሲያነበንቡ ኖረዋል። ሕግ በቃል መያዝ ብቻውን ጸሐፊ እንደማያደርግ ከዚህ እንማራለን።

ሙሬይ የመጨረሻዎቹን 16 ዓመታት ከቤቱ ሳይወጣ በመቀመጫው ላይ አሳለፈ፤ መጻሕፍቱን ማረም ግን አላቋረጠም። ከመጽሐፎቹ ያገኘውን ገንዘብ ለበጎ ሥራ ይሰጥ ነበር። በ1826 ዓ.ም. ሲሞት፣ ከባለቤቱ ዕረፍት በኋላ የሚተርፈው ሀብቱ በአሜሪካ በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎች ነጻ እንዲወጡበትና ልጆቻቸው እንዲማሩበት፣ ደግሞም ለአገሩ ነባር ሕዝብ ጥቅም እንዲውል ተናዘዘ።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንሰናበታለን። ከእንግዲህ ማመልከቻችንንም ሆነ ደብዳቤያችንን የሚያነበው ሰው ቀይ ቀለም ይዞ አያርመንም፤ እንዳልጻፍነው አድርጎ ይረዳና በዚያው ይፈርድብናል። እኔ አንድም ሰው አልመጣም ብዬ ስል ሁሉም መጣ ያልሁት በደብተር ላይ ስለ ነበር በአንድ ቀይ መስመር ዳንሁ። መራመድ የተሳነው ያ ሰው ስለ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያን ያህል ከደከመ፣ ሁለት እግር ያለን እኛ የጻፍነውን ተመልሰን አንድ ጊዜ ማንበብ ሊከብደን አይገባም።