የሄንሪ ዱናንት ሕይወትና ለመከራ ቀን የመዘጋጀት ትምህርት

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር መሪዎች ነው። እኔ ግን በዘንድሮው መጽሔታችን ልጽፍለት የመረጥሁት ሰው ጦር ያልመራ፥ በትምህርቱ ብልጫ ያላገኘ፥ በንግዱም የከሰረ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በአንድ አገር ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ወረርሽኝ በደረሰ ጊዜ በነጭ መደብ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት መኪና ፈጥኖ ሲደርስ የምናየው ከእርሱ አሳብ የተነሣ ነው። ስሙ ሄንሪ ዱናንት ይባላል። እኔ በትምህርት ቤታችን የቀይ መስቀል ክበብ አባል ስለ ሆንሁ፥ የማኅበሩ አሳብ ከየት እንደ መነጨ ማወቅ ይገባኛል ብዬ ታሪኩን አነበብሁ። አንብቤም ለራሴ ብቻ ላስቀረው ስላልፈቀድሁ፥ ለጓደኞቼ፥ ለመምህሮቼና ለወላጆች ባጭሩ ላቀርበው ወደድሁ። በሌላ ካልገለጽሁ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሄንሪ ዱናንት በስዊስ አገር በጄኔቫ ከተማ ሜይ 8 ቀን 1828 ዓ.ም. ተወለደ። ወላጆቹ ደኅና ኑሮ ያላቸውና ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የያዙ ሰዎች ነበሩ። አባቱ እናትና አባት የሌላቸውን ልጆችና ከወህኒ ቤት የወጡትን ሰዎች በመርዳት፥ እናቱም ድኾችንና በሽተኞችን በመንከባከብ ይደክሙ ስለ ነበር፥ ልጁ የሰው ችግር ምን እንደሚመስል ከሕፃንነቱ ጀምሮ እያየ አደገ። በትምህርቱ ግን አልቀናውም። ውጤቱ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ትምህርቱን ሳይፈጽም ተወና በ21 ዓመቱ በአንድ ባንክ ቤት ሥራ ይለማመድ ጀመር። ነፃ ጊዜውን ግን በከንቱ አላሳለፈም፤ እስረኞችን ይጎበኝ፥ ለድኾችም ይደርስ ነበር። በ1852 ዓ.ም. ደግሞ እኛ ወወክማ የምንለውን የክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በጄኔቫ አቋቋመ።

ከዚህ በኋላ አሠሪዎቹ ለሥራ ወደ አልጄሪያ ላኩት። አልጄሪያ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ዱናንት በዚያ የእህል ወፍጮ ለመትከል ኩባንያ መሠረተ፤ ሰዎችም አምነውት ገንዘባቸውን አዋጡ። ነገር ግን የመሬቱና የውሃው ፈቃድ ግልጽ ስላልነበረ፥ ሹማምንቱም ጉዳዩን ስላጓተቱበት፥ በቀጥታ ለፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ለ3ኛው ናፖሌዎን አቤት ለማለት ቆረጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1859 ዓ.ም. ከሰርዲኒያ መንግሥት ጋር ተባብሮ ኦስትሪያን ለመውጋት ወደ ሰሜን ኢጣሊያ ዘምቶ ነበርና፥ ዱናንት ጉዳዩን ይዞ ወደዚያው ተከተለው። እንግዲህ በቁስለኛ ረዳትነቱ ስሙ የሚጠራው ይህ ሰው ወደ ጦርነቱ አገር የሄደው ለወፍጮው ጉዳይ ነበር።

ጁን 24 ቀን 1859 ዓ.ም. በሶልፌሪኖ መንደር አካባቢ ከሁለቱም ወገን በጠቅላላው ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች ከማለዳ እስከ ማታ ተዋጉ። የኦስትሪያ ጦር ድል ሆኖ ሲያፈገፍግ ወደ 40 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ሞተው ወይም ቆስለው ነበር። ዱናንት በዚያው ዕለት ማታ ካስቲልዮኔ ወደምትባለው ቅርብ ከተማ ደረሰ። ቁስለኞቹ በጋሪና በበቅሎ እየተጫኑ ይመጡ ስለ ነበር አብያተ ክርስቲያናቱ ሞሉ፤ የግል ቤቶቹ ሞሉ፤ በመጨረሻም በየመንገዱ ጭድ እየተነጠፈ ቁስለኛ ተኛበት። የፈረንሳይ ጦር ለ1000 ፈረስ 4 የእንስሳት ሐኪሞች ሲኖሩት ለ1000 ወታደር የነበረው 1 ሐኪም ብቻ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነገር ልብ ብላችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። በካስቲልዮኔ ውሃ ነበረ። ምግብም ነበረ። ለቁስል የሚሆን ጨርቅም በብዛት ነበረ። ሆኖም ቁስለኞቹ በጥማትና በረኃብ ይሞቱ ነበር። ውሃውን ከምንጩ ወደ ቁስለኛው አፍ የሚያደርስ፥ ጨርቁን በቁስሉ ላይ የሚያስር፥ ማን ቀድሞ እንዲታይ የሚወስን በቂ ሰው አልነበረም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እጅግ ተገረምሁ፤ ምክንያቱም እኔ እስከዚያን ጊዜ ድረስ በመከራ ቀን ሰው የሚሞተው ዕቃና መድኃኒት ሲጠፋ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዱናንት ሐኪም አልነበረም፤ መሣሪያም ሥልጣንም አልነበረውም። ግን ሥራ ማከፋፈል ያውቅ ነበር። የከተማይቱን ሴቶችና ልጃገረዶች ሰብስቦ ቁስል እንዲያጥቡ፥ ምግብ እንዲያድሉ መደባቸው። ትንንሾቹን ልጆች ከምንጭ ውሃ እንዲያመላልሱ አደረጋቸው። የሠረገላ ነጂውን ወደ ብሬሺያ ከተማ ልኮ ሎሚ፥ ስኳር፥ ሸሚዝ፥ ስፖንጅ፥ የቁስል ጨርቅ፥ መርፌ ቁልፍና ትምባሆ አስገዛ። በፈረንሳዮቹ እጅ የተማረኩት የኦስትሪያ ሐኪሞች ተፈትተው ቁስለኛ እንዲያክሙ ለመነ፤ ተፈቀደለትም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን፥ የካስቲልዮኔ ሴቶች ፈረንሳዊውንና ኦስትሪያዊውን ሳይለዩ ሁሉንም እንደ ወንድም ማስታመማቸው ነው። የእኛ አባቶች ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። በካስቲልዮኔ የሆነውም ይኸው ነበር።

ዱናንት ወደ ጄኔቫ ከተመለሰ በኋላ ያየውን መርሳት አልቻለም። በ1862 ዓ.ም. የሶልፌሪኖ ትዝታ የተባለውን መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ 1600 ቅጂ አሳትሞ ለአውሮፓ መኳንንትና ለታላላቅ ሰዎች አደለ። በመጽሐፉ ያቀረባቸው አሳቦች ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው፥ በየአገሩ በሰላም ጊዜ የሚቋቋምና ለመርዳት ዝግጁ የሆነ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር እንዲኖር ነው። ሁለተኛው፥ መንግሥታት ተስማምተው ቁስለኞችንና አስታማሚዎቻቸውን የሚጠብቅ ሕግ እንዲያቆሙ ነው። እንዲህ ያለው ማኅበር በወረርሽኝ፥ በጎርፍና በቃጠሎ ጊዜም እንደሚጠቅም ጨምሮ አሳሰበ። እንግዲህ አሳቡ ገና ሲጀመር ለጦርነት ብቻ የተወሰነ አልነበረም።

በፌብሩዋሪ 1863 ዓ.ም. ጉስታቭ ሟንዬ የተባለው የጄኔቫ የሕግ ሰው፥ ጄኔራል ዱፉር፥ ሁለቱ ሐኪሞች አፒያና ሞንዋር፥ ዱናንትም አምስተኛ ሆነው አንድ ኮሚቴ አቆሙ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በተደረገው ስብሰባ ኮሚቴዎች በሰላም ጊዜ የእርዳታ ዕቃ እንዲያከማቹና አስታማሚዎችን እንዲያሠለጥኑ ተወሰነ። ኦገስት 22 ቀን 1864 ዓ.ም. ደግሞ 12 መንግሥታት የመጀመሪያውን የጄኔቫ ስምምነት ፈረሙ። በነጭ መደብ ላይ ያለው ቀይ መስቀል የስዊስ ሰንደቅ ዓላማ ቀለም ተገልብጦ የተወሰደ ምልክት ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን እውነቱን መሸፈን አይገባም። ዱናንት አውሮፓን እየዞረ ስለ ማኅበሩ ሲናገር የአልጄሪያው ኩባንያ ተበላሸ። በ1867 ዓ.ም. ከሰረ፤ ዕዳውም ወደ አንድ ሚሊዮን ፍራንክ ተጠጋ፤ ገንዘባቸውን በእጁ የጣሉት ወዳጆቹም ከሰሩ። በ1868 ዓ.ም. የጄኔቫ ፍርድ ቤት በማታለል ጥፋተኛ ብሎ ፈረደበት። ከኮሚቴውም ወጣ። የትውልድ ከተማውን ከለቀቀ በኋላ እስኪሞት ድረስ አልተመለሰባትም። እዚህ ላይ የእኔን አስተያየት ልናገር። ዱናንት በካስቲልዮኔ የሠራው በጎ ሥራ ዕዳውን አይሽርለትም፤ ገንዘባቸውን ያጡት ሰዎች ተበድለዋልና። ዕዳውም ደግሞ በጎ ሥራውን አይሽረውም። ሰውን በሙሉ ማየት ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በድኽነት ተንከራተተ። በፓሪስ ውስጥ ማደሪያ አጥቶ በአደባባይ ወንበር ላይ የተኛበት ጊዜ ነበር፤ ያረጀ ኮቱን በቀለም እያጠቆረ፥ የሸሚዙን ኮሌታ በጠመኔ እያነጣ ይሄድ ነበር ይባላል። በ1887 ዓ.ም. ሃይደን በምትባል የስዊስ መንደር ተቀመጠ፤ ከ1892 ዓ.ም. ጀምሮም በዚያው መንደር ሆስፒታል ውስጥ ኖረ። የመሠረተው ማኅበር በዓለም ሲስፋፋ መሥራቹ ግን ተረስቶ ነበር። በ1895 ዓ.ም. አንድ ጋዜጠኛ ሄዶ አነጋገረውና ጽሑፉ ሲወጣ ዓለም እንደ ገና አስታወሰው። በ1901 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእርሱና ለፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ፓሲ ተሰጠ። ዱናንት የሽልማቱን ገንዘብ ለራሱ አላዋለውም። ኦክቶበር 30 ቀን 1910 ዓ.ም. ሲሞት በሃይደን ሆስፒታል ለድኻ በሽተኛ በነፃ የሚሰጥ አንድ አልጋ እንዲኖር ገንዘብ ተናዞ፥ ሌላውንም ለበጎ አድራጎት ተወ። ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት በዙሪክ ተቀበረ። ዛሬ የልደቱ ቀን ሜይ 8 የዓለም ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ቀን ሆኖ ይከበራል።

አሳቡ ወደ አገራችንም ደርሷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው የኢጣሊያ ወረራ በቀረበበት በ1935 ዓ.ም.፥ በእኛ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የጠላት አውሮፕላኖች በደሴ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበትን ሆስፒታል ደበደቡ፤ በመልካ ዲዳም የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖችን በቦምብ መቱ። ሕግ ተጽፎ መፈረሙ ብቻ እንደማይበቃ፥ የሚያከብረው ሰው እንደሚያስፈልግ አገራችን በራሷ ደም አየች።

በቅርብ ጊዜ ደግሞ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ በጎፋ ዞን በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከዝናም በኋላ መሬት ተንሸራቶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤቶች ለማዳን ሮጠው ሲቆፍሩ ሁለተኛ ናዳ መጥቶ እነርሱንም ቀበራቸው፤ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። እነዚህ ሰዎች ቸሮችና ደፋሮች ነበሩ፤ ስማቸውም በክብር ይነሣ። ነገር ግን ከናዳ በኋላ ሌላ ናዳ እንደሚከተል፥ አንድ ሰው ቆሞ ተራራውን መጠበቅ እንዳለበት፥ ሁሉም ባንድ ጊዜ መግባት እንደማይገባ አስቀድሞ የሚያስተምር ቢኖር ኖሮ አንዳንዶቹ ዛሬ ከልጆቻቸው ጋር በኖሩ ይሆናል ብዬ አዝናለሁ። ቸርነት ሥልጠና ይፈልጋል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይሆነናል? እኛ ሆስፒታል መሥራት አንችልም። ግን በየትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ሣጥን ይኖራል። የሣጥኑን ቁልፍ የያዘው ማን ነው? እርሱ በሌለበት ቀንስ? በውስጡ ያለው መድኃኒት ጊዜው አላለፈምን? ደም የሚፈሰውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን እንደሚገባ ከየክፍሉ ስንት ተማሪ ያውቃል? ተቅማጥ የያዘውን ሰው ኦ.አር.ኤስ. ሳይዘገይ ማጠጣት እንደሚገባ፥ እርሱ ከጠፋ ደግሞ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት እንደሚቻል ስንቶቻችን እናውቃለን? የጨው መብዛት ጉዳት ስላለው ልኩን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በሽተኛውንም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ አይቀርም።

የተከበራችሁ ወላጆችም በየቤታችሁ የጤና ጣቢያውን፥ የአምቡላንሱንና የእሳት አደጋ መከላከያውን ስልክ ቁጥር ልጅ ሊያየው በሚችልበት ግድግዳ ላይ ብትለጥፉ፥ ክዳን ባለው ዕቃም ጥቂት ንጹሕ ውሃ ብታስቀምጡ ወጪው ቀላል ነው። እሳቱ ከተነሣ በኋላ ቁጥር መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

የክበባችን አባሎች በመጪው ዓመት ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ተማሪዎች የመጀመሪያ እርዳታ እንዲማሩ፥ የሣጥኑም ዕቃ በየወሩ ተቆጥሮ እንዲመዘገብ ለመምህሮቻችን አሳብ አቅርበናል። ለመማር የሚፈልግ ሁሉ፥ ይልቁንም በክፍል ውጤቱ አልቀናኝም ብሎ የሚያፍር ተማሪ ካለ፥ ሳያመነታ ስሙን ያስመዝግብ። የሄንሪ ዱናንትን የትምህርት ውጤት ዛሬ የሚጠይቅ የለም፤ በካስቲልዮኔ መንገድ ላይ ውሃ ያመላለሱት ልጆችም ከእኛ የሚያንሱ ነበሩ።