ዶክተር ማግኑስ ሂርሽፌልድ፤ ተማሪዎች መጻሕፍቱን ያቃጠሉበት ሐኪም

በወንድ አካል ተወልደው በሴት ወግ የሚኖሩ ሰዎች ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ ስለ ደጋው አማራ ኑሮ ያጠናው ሲሞን ሜሲንግ እንዲህ ያሉ ሰዎች በገጠር እንዳሉ፣ ባላገሩም የፈጣሪ ስሕተት ነው ብሎ እንደሚተዋቸው ጽፏል። የእነዚህን ሰዎች ጭንቀት በሐኪም ዓይን አስቀድመው ከመረመሩት አንዱ ጀርመናዊው ሂርሽፌልድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ሂርሽፌልድ ሜይ 14 ቀን 1868 በኮልበርግ ከተማ ከአንድ አይሁዳዊ ሐኪም ተወለደ። ሕክምናን አጥንቶ በ1892 ዶክተር ሆነ። ጥቂት ዓመት እንደ ሠራም፣ ያክመው የነበረ አንድ ወጣት መኰንን በሠርጉ ዋዜማ ራሱን ገደለ። መኰንኑ የሚወደው ወንድ ነበር፤ የጀርመን ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 175 ይህን በእስራት ይቀጣል። ሟቹ ታሪኩ እንዲነገርለት በደብዳቤ ለምኖት ነበርና፣ ሂርሽፌልድ በ1897 አንቀጹ እንዲሻር አቤት የሚል ማኅበር አቋቋመ።

በ1910 ባወጣው መጽሐፍ፣ ከተወለዱበት ጾታ በተለየ ልብስና ወግ ካልኖሩ የሚጨነቁትን ሰዎች ለብቻ አጠና። ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሥርዓት አወካችሁ ብሎ ይይዛቸዋል፤ አሠሪ ይሸሻቸዋል፤ ዘመድ ያፍርባቸዋል። ሂርሽፌልድ ጭንቀቱ የሚብሰው በመከልከላቸው እንደ ሆነ፣ እንደ ፈቀዱ ሲለብሱ ግን መንፈሳቸው እንደሚረጋ አስረዳ። ስለዚህ የሐኪም ምስክር ወረቀት እየጻፈ ከበርሊን ፖሊስ የልብስ ፈቃድ ያሰጣቸው ጀመር። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ያለ ፍርሃት ደጅ ለመውጣት በቃች። በ1919 በበርሊን የጾታ ጥናት ተቋም ከፈተ፤ ሥራ ላጡትም በዚያው ሥራ ሰጠ።

እንከን አልነበረበትም አይባልም፤ የሰውን ዘር መርጦ ማሻሻል ይቻላል የሚለውን የዘመኑን ክፉ ትምህርት ደግፎ ነበር።

ጠላቶቹ በ1920 በሙኒክ ደብድበው ሞቷል ብለው ጣሉት፤ ጋዜጦችም መርዶውን አወጡ። ሜይ 6 ቀን 1933፣ ሂትለር ሥልጣን በያዘ በአራተኛው ወር፣ ተቋሙን መጀመሪያ የወረሩት ወታደሮች አልነበሩም፤ ሙዚቃ እያስነፉ የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ከአራት ቀን በኋላ መጻሕፍቱን በኦፔራ አደባባይ አቃጠሉ። እርሱ በስደት ነበርና እሳቱን ያየው በፓሪስ ሲኒማ ቤት ነው። በ1935፣ 67 ዓመት በሞላበት ቀን፣ በኒስ ከተማ ሞተ።

አንቀጽ 175 ፈጽሞ የተሻረው በ1994 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 የጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ላይ የጾታ አለመጣጣምን ከአእምሮ ሕመሞች ምድብ አወጣው። በአገራችን በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንድ ጾታ መካከል የሚደረገውን ግንኙነት ይቀጣል፤ መታየትን የሚፈራ ሰውም ጭንቀቱን ለሐኪም መንገር ይፈራል።

ከመካከላችን ነገ ሐኪምም ዳኛም የሚሆን አለ። መጽሐፍ ያቃጠሉትም፣ መጽሐፉን የጻፈውም አንድ ቀን እንደኛ ተማሪዎች ነበሩ።