ጉልየልሞ ማርኮኒ፤ የጭንቅ ጥሪ ከባሕር ወደ የብስ እንዲደርስ ያደረገ ሰው

ሰው በመከራ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ጩኸቱን የሚሰማለት ሰው ነው። ቤት ሲቃጠል ጎረቤት በእሪታ ይጠራል፤ ወንዝ ሞልቶ መንገደኛ ሲወስድ ማዶ ያለው እረኛ ኡኡታውን ሰምቶ ይደርሳል። ነገር ግን በውቅያኖስ መካከል መርከብ ቢሰበር ማን ይሰማል? እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ የሚሰማ አልነበረም። ብዙ መርከብ ከነሰዎቹ ሰጥሞ መጥፋቱ የሚታወቀው በቀጠሮው ቀን ከወደብ ሳይደርስ ሲቀር ነበር። ይህን ዝምታ የሰበረውን የጉልየልሞ ማርኮኒን ታሪክ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ባጭሩ ልናቀርብ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ማርኮኒ በኤፕሪል 25 ቀን 1874 በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለ ርስት ኢጣልያዊ፥ እናቱ አይሪሽ ነበሩ። የጀርመኑ ሊቅ ሄርትዝ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያለ ሽቦ በአየር እንደሚጓዝ አስቀድሞ አስረድቶ ነበርና ወጣቱ ማርኮኒ በዚህ ሞገድ ወሬ ለመላክ ይቻል እንደሆነ ለማወቅ ልቡ ተነሣሣ። በ1895 በአባቱ ቤት መሣሪያውን ሠርቶ ተቀባዩን ከኮረብታ ወዲያ አስቀመጠ፤ ምልክቱ ከደረሰ ጠመንጃ እንዲተኩስ ወንድሙን አልፎንሶን አዘዘው። ማርኮኒ ቁልፉን ሲጫን ከኮረብታው ማዶ ተኩስ ተሰማ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር።

በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በማግሥቱም ዓመት ኩባንያ አቋቋመ። የመርከብ ንግድ ታላቅ በሆነበት አገር የሥራው ጥቅም ቶሎ ታወቀ። ለመርከቦች መብራት የምታሳይ አንዲት ቋሚ ጀልባ የማርኮኒ መሣሪያ ተተክሎባት ነበር። በ1899 ሌላ መርከብ በጭጋግ መጥቶ ሲገጫት ያለ ሽቦ ወደ የብስ እርዳታ ጠራች። ማርኮኒ ግን በዚህ አልረካም። በዲሴምበር 12 ቀን 1901 በኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ ሆኖ፥ የአየር ሽቦውን በካይት አንሥቶ፥ ከእንግሊዝ አገር የተላኩትን ሦስት ነጥቦች መስማቱን አስታወቀ። በመካከሉ ከ3,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ባሕር ነበር።

ይሁን እንጂ የሰውየውን መልካም ሥራ ብቻ ጽፈን ጉድለቱን ብንተው ታሪኩ ሙሉ አይሆንም። የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኞቹ በሌላ ኩባንያ መሣሪያ ከሚሠሩ መርከቦች ጋር እንዳይነጋገሩ ይከለክል ነበር። ይህ ለንግድ ይጠቅም ይሆናል፤ በመከራ ጊዜ ግን ሰምቶ እንዳልሰሙ መሆን ነው። በዚህ ምክንያት መንግሥታት በ1906 በበርሊን ተሰብስበው ከመርከብ ጋር የሚነጋገር የባሕር ዳርቻ ጣቢያ ሁሉ የመሣሪያውን ሠሪ ሳይለይ እንዲቀበል ወሰኑ። ሦስት ነጥብ፥ ሦስት ሰረዝ፥ ሦስት ነጥብ የሆነውም የጭንቅ ምልክት፥ ማለት ኤስ ኦ ኤስ፥ በዚሁ ስብሰባ ጸደቀ።

የዚህ ሁሉ ፍሬ በጃኑዋሪ 1909 ታየ። ሪፐብሊክ የተባለው መርከብ በአሜሪካ ጠረፍ አጠገብ በጭጋግ ውስጥ ፍሎሪዳ ከተባለው ጋር ተጋጨ። የመርከቡ ዋና የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋረጠ። የቴሌግራፍ ሠራተኛው ጃክ ቢንስ ግን ግድግዳው በተሰበረ ክፍል ውስጥ በብርድና በጨለማ ተቀምጦ በባትሪ ኃይል ብቻ ለብዙ ሰዓት ጥሪውን ላከ። ባልቲክ የተባለው መርከብ ጥሪውን እየተከተለ በጭጋጉ ውስጥ ፈልጎ አገኛቸው፤ ከ1,500 በላይ ሰዎችም ዳኑ። በዚያው ዓመት ማርኮኒ ከጀርመኑ ሊቅ ከብራውን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ታላቁ ፈተና የመጣው በኤፕሪል 1912 ነው። ታይታኒክ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭቶ መስጠም ሲጀምር ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ የተባሉ ሁለት የማርኮኒ ኩባንያ ወጣቶች ከመሣሪያቸው አልተነሡም። ከአደጋው ቀደም ብሎ መሣሪያው ተበላሽቶባቸው ብዙ ሰዓት ደክመው ጠግነውት ነበር። ያን ጊዜ ሰንፈው ቢተኙ ኖሮ በዚያች ሌሊት ጥሪው በዋናው መሣሪያ ባልተላከ ነበር። በካርፓቲያ መርከብ ላይ ያለው ሠራተኛ ሊተኛ ሲሰናዳ ማዳመጫውን ገና ከጆሮው ስላላወረደ ጥሪውን ሰማ። መርከቡም ከሦስት ሰዓት በላይ ገሥግሦ ከ700 በላይ ሰዎችን ከጀልባዎቹ ላይ አነሣ። ወደ 1,500 የሚሆኑት ግን አለቁ፤ ፊሊፕስም ከእነርሱ ጋር ሞተ። ከካርፓቲያ ይልቅ ቅርብ የነበረ ካሊፎርኒያን የሚባል መርከብ ነበረ። እርሱም መሣሪያ ነበረው፤ ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ብቻ ስለ ነበረው፥ ያም ሠራተኛ ሥራውን ጨርሶ ተኝቶ ስለ ነበር ማንም አልሰማም። ማርኮኒ በዚያ ጊዜ በኒውዮርክ ነበር፤ ካርፓቲያ ከወደብ ሲደርስ ወጥቶ ከሞት የተረፈውን ብራይድን አነጋገረው።

ከዚህ ጥፋት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በዚያው በ1912 ሕግ አወጣ። ሕጉ የሚመለከታቸው መርከቦች በየተራ ሌሊትና ቀን የሚያዳምጡ ከሁለት ያላነሱ ሠራተኞች እንዲኖሯቸው፥ ዋናው ሞተር ቢቆምም ቢያንስ 4 ሰዓት የሚያሠራ ሌላ ኃይል እንዲያዘጋጁ ታዘዘ። እንግዲህ መሣሪያ ብቻውን ሰው አያድንም፤ የሚያዳምጥ ጆሮና ለክፉ ቀን የተቀመጠ ኃይል ያስፈልጋል።

አሁን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መራራ ወደሆነው ክፍል ደርሰናል። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ በ1930ም የኢጣልያ ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ተደረገ። ፋሺስት ኢጣልያ በ1935 አገራችንን ስትወር ይህ የብዙዎችን ነፍስ ያዳነ መሣሪያ ፈጣሪ ወረራውን ደገፈ፤ በውጭ አገር ሳይቀር ለመንግሥቱ ተሟገተ። በዚያው ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት በዚያው በራዲዮ ነበር። ጥሪው ተሰማ፤ ነገር ግን የሰሙት መንግሥታት እንደ ካርፓቲያ አልገሠገሡም። በ1936ም ጣልያኖች የጦራችንን የራዲዮ መልእክት እየጠለፉ ስለ ሰሙ በማይጨው የሚመጣባቸውን ጥቃት አስቀድመው ለማወቅ ቻሉ። አንዱ መሣሪያ ለመዳንም ለመጥፋትም እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ማርኮኒ በጁላይ 20 ቀን 1937 በሮማ ከተማ ሞተ። በእንግሊዝ አገር የራዲዮ ጣቢያዎች ለመታሰቢያው ሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። በ1999 የዓለም መርከቦች በሳተላይትና በሌሎች አዳዲስ መሣሪያዎች ወደሚሠራ የጭንቅ ጥሪ ሥርዓት ፈጽመው ተሸጋገሩ፤ የሞርስ ነጥብና ሰረዝም ከዚህ አገልግሎት ተሰናበተ። ጥሪው የሚጓዝበት መንገድ ቢለወጥም ሰሚ፥ የተጠበቀ ኃይልና ኩባንያ ሳይለዩ መነጋገር ዛሬም ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ልንማር ይገባናል ብለን እናምናለን። ከትጋቱ፥ በሃያ አንድ ዓመት ዕድሜም ታላቅ ሥራ ሊሠራ እንደሚቻል እንማራለን። ከስሕተቱ ደግሞ፥ ዕውቀት ከፍትሕ ጋር ካልሄደ ለባለቤቱም ክብር እንደማይሆን። ነገ ከመካከላችን መሐንዲስ፥ የቴሌኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ወይም ሐኪም የሚሆን ይኖራል። ተረኛ በምንሆንባት ሌሊት እንቅልፍ ሲጫነን በካሊፎርኒያን ላይ የተዘጋውን መሣሪያ እናስብ፤ ምናልባት በዚያች ሰዓት የሚጠራን ሰው ይኖራልና።