ከአሳማ ስርቆት እስከ ቺፕ፦ የሮበርት ኖይስ ሕይወትና የግብር ነገር

የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የካሊፎርኒያ ግብር አንገፍግፏቸው ወደ ቴክሳስ ተሰደዱ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ሮበርት ኖይስ ትዝ ይለኛል። በ2020 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኦራክልና ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ወደዚያው እንደሚያዛውሩ ሲያስታውቁ ወሬው ደርቶ ነበር። ኖይስ ያንኑ መንገድ ከ32 ዓመት በፊት ሄዶበታል። የወሰደው ግን ግብር ሽሽት ሳይሆን የግብር ገንዘብ ነው።

ኖይስ በ1927 በአዮዋ ግዛት ከአንድ ሰባኪ ቤት ተወለደ። በ1948 የግሪኔል ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ለድግስ የሚሆን አሳማ ከአካባቢው ገበሬ ሰረቀ። ሕግ ያጠናሁ በመሆኔ ይህችን ታሪክ እወዳታለሁ። ኑሮዋ እርሻ በሆነው አዮዋ የከብት ስርቆት እስር ቤት የሚያስገባ ከባድ ወንጀል ነበርና። የፊዚክስ መምህሩ ጭምር ተለማምጠውለት በአንድ ሴሚስተር እገዳ ተረፈ። ክስ ተመሥርቶበት ቢሆን ኖሮ የካሊፎርኒያ ኢኮኖሚ ዛሬ ምን ይመስል ነበር እላለሁ።

በ1956 የትራንዚስተር ፈልሳፊ ዊልያም ሾክሊ ጠርቶት ከፊላደልፊያ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ። በዓመቱ ከሰባት ባልደረቦቹ ጋር ሾክሊን ጥሎ በኒውዮርክ ኩባንያ ገንዘብ ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሽያጭ ለጦር አውሮፕላን ኮምፒውተር የሚውል ትራንዚስተር ነበር። በ1959 ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንዲት የሲሊከን ቅራፊ ላይ አዋህዶ የሚሠራበትን ዘዴ አገኘ። ቺፕ የምንለው እሱን ነው።

ያን ጊዜ ቺፕ እጅግ ውድ ነበር። የገዛው ማነው? መንግሥት! ለሚሳይልና ጨረቃ ላይ ላረፈችው አፖሎ። ከሃምሳውም ግዛት የተሰበሰበ የፌዴራል ግብር አንድ ሸለቆ ውስጥ ፈሰሰ። አሳማው የተሰረቀበት ገበሬ የከፈለውም ሳይኖርበት አይቀርም። ኖይስ ግን ለምርምር የመንግሥትን ገንዘብ መቀበል አይወድም ነበር፤ ሸጬ ልብላ እንጂ ልታዘዝ አልሻም ባይ ነው። እኔ ልዩነቱ አይታየኝም፤ ኪሱ ያው የግብር ከፋዩ ኪስ ነው።

በ1968 ከጎርደን ሙር ጋር ኢንቴልን መሠረተ። በ1978 ኮንግረሱ አክሲዮን ሽጦ በሚገኝ ትርፍ ላይ የሚጣለውን ከፍተኛ የፌዴራል ግብር ከ49 በመቶ ገደማ ወደ 28 ሲያወርደው፣ ለአዳዲስ ኩባንያዎች የሚመደበው ገንዘብ ወደ ሸለቆው ጎረፈ።

ከዚያ ጃፓኖች መጡ። በሜሞሪ ቺፕ ሲበለጡ፣ የመንግሥትን እጅ ይሸሽ የነበረው ሰው የዋሽንግተን ደጅ ጠኚ ሆነ። በ1987 አሥራ አራት ኩባንያዎች ሴማቴክን ሲያቋቁሙ መንግሥት የወጪውን ግማሽ፣ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር፣ ቻለ። ግዛቶች ማዕከሉን ለመውሰድ ተሻምተው የቴክሳሷ ኦስቲን አሸነፈች። ኖይስም በ1988 መሪው ሆኖ ወደዚያው ሄደ።

ቴክሳስ የግል ገቢ ግብር የላትም፤ በ2019 በሕገ መንግሥቷ ከልክላዋለች። ይህ ሰው እንደሚስብላት አልክድም። ሆኖም ሳምሰንግ ከኦስቲን አጠገብ ቴይለር ላይ ለሚሠራው ፋብሪካ የተመደበለት እስከ 4.7 ቢሊዮን ዶላር የመጣው ከዋሽንግተን፣ በ2022 ከወጣው የቺፕ ሕግ ነው።

ኖይስ ይህን አላየም። ጁን 3 ቀን 1990 ኦስቲን በሚገኘው ቤቱ ጠዋት ከዋኘ በኋላ ልቡ ከዳው። 62 ዓመቱ ነበር።