ዶክተር ሙቱላክሽሚ ሬዲ፤ በማድራስ የነቀርሳ ሆስፒታል ያቆሙ ሴት

ነቀርሳ ወይም ካንሰር የሚባለው በሽታ የያዘው ሰው ሁለት ጠላት አለበት፤ አንደኛው ራሱ በሽታው ነው፤ ሁለተኛው የሕክምናው ቦታ ርቀት ነው። ሐኪም ዘንድ ቶሎ የደረሰ ብዙ ጊዜ ሲድን፣ መንገዱና የመንገዱ ወጪ ያዘገየው ግን ይሞታል። በዚህ ዕትም ታሪካቸውን ልናቀርብ የመረጥናቸው ህንዳዊት ሐኪም ይህን ሁለተኛውን ጠላት ሲታገሉ የኖሩ ሴት ናቸው።

ሙቱላክሽሚ ሬዲ በ1886 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በደቡብ ህንድ በፑዱኮታይ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የኮሌጅ ርእሰ መምህር ነበሩ፤ እናታቸው ግን ሴቶች ልጆቹን ለቤተ ጣዖት አገልግሎት ይሰጥ ከነበረውና ሰው ከሚንቀው ወገን የተወለዱ ነበሩ። ወጣቷ በከተማው ኮሌጅ ለመማር በጠየቁ ጊዜ፣ ሴት ከወንዶች ጋር ልትማር አይገባም የሚል ተቃውሞ ተነሣ። የአገሩ ንጉሥ ግን ስለ ፈቀዱላቸው የኮሌጁ የመጀመሪያ ሴት ተማሪ ሆኑ። በ1907 ወደ ማድራስ የሕክምና ኮሌጅ ገቡ፤ በ1912ም ተመረቁ።

ከዚህ በኋላ የመጣባቸው ኀዘን የቀረውን ዘመናቸውን አቅጣጫ ለወጠው። ታናሽ እኅታቸው ታመመች፤ ሕመሟም ተቅማጥ ነው ተብሎ ታከመች። እውነተኛው በሽታ የአንጀት ነቀርሳ መሆኑ የታወቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር፤ በወጣትነቷም ሞተች። የሐኪም እኅት እንዲህ ከሆነች፣ ሐኪም ዘመድ የሌላት የገጠር ሴት ምን ልትሆን ነው? ዶክተሯ ይህን ጥያቄ ከልባቸው ሊያወጡት አልቻሉም።

በ1925 ለተጨማሪ ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። ከተመለሱ በኋላ የማድራስ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ በ1927ም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በዚያም ልጃገረዶችን ለቤተ ጣዖት የመስጠቱን ልማድ ለማስቀረት ታገሉ፤ ልማዱን የሚከለክለው ሕግ በማድራስ የወጣው ግን በ1947 ነው። በ1930 ጋንዲ በታሰሩ ጊዜ ይህን ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ለችግረኛ ልጃገረዶችም አቭቫይ የተባለውን ማሳደጊያ ቤት አቋቋሙ።

የነቀርሳውን ነገር ግን አልረሱትም። በ1935 የማድራስ የሕክምና ኮሌጅ መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ የነቀርሳ ሆስፒታል ለማቆም ማሰባቸውን በጉባኤው ፊት ገለጡ። በ1941 በቦምቤይ የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ነገር ግን ከማድራስ እስከ ቦምቤይ በባቡር ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድኻው ይህን መንገድ እንዴት ይዘልቀዋል? ከባለሥልጣኖችም ወገን፣ ነቀርሳ የያዘው ሰው መሞቱ ለማይቀር ሆስፒታል መሥራት ምን ይጠቅማል የሚሉ አልጠፉም። እኛ እንደሚመስለን ከበሽታው ይልቅ ብዙ ሰው የገደለው ይህ ዓይነት ተስፋ መቊረጥ ነው።

መንግሥት ቸል ቢላቸው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። በ1949 የህንድ ሴቶች ማኅበር የነቀርሳ መርጃ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። በ1952 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔህሩ የመሠረቱን ድንጋይ አኖሩ፤ በሰኔ ወር 1954 ሆስፒታሉ በማድራስ በአድያር ሰፈር ተከፈተ። የነበሩት አልጋዎች 12 ብቻ ነበሩ። ልጃቸው ዶክተር ክሪሽናሙርቲ ሥራውን ያዙ፤ በ1955 ዶክተር ሻንታ የተባሉት ወጣት ሐኪም ተጨመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በኮባልት ጨረር የሚያክም መሣሪያ ከካናዳ መጣላቸው። ለመክፈል ዐቅም የሌለው ሕመምተኛ አይመለስም ነበር፤ ሐኪሞቹም ሕመምተኛ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ወደ ገጠር እየወጡ ይመረምሩ ጀመር።

ዶክተር ሙቱላክሽሚ በ1968 በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። በ1975 የህንድ መንግሥት የአድያርን ሆስፒታል የአካባቢው የነቀርሳ ሕክምና ማእከል ብሎ ሠየመው። መንግሥት አንድ ትልቅ ሆስፒታል በአንድ ትልቅ ከተማ መሥራቱ እንደማይበቃ፣ ለየክፍለ አገሩም ማእከል እንደሚያስፈልገው የተቀበለው ሴትዮዋ አሳባቸውን ከገለጡ ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? ሐኪም የሆነ ሰው በሽታን ማወቁ ብቻ ሥራውን አይፈጽምለትም፤ የተማረው ነገር በሩቅ መንደር ላለው ሕመምተኛ እስኪደርስ ድረስ ዕዳው አልተከፈለም። ደግሞም 12 አልጋ ጥቂት ነው ብሎ የሚንቅ ሰው፣ ከዚያ በፊት አንድም አልጋ እንዳልነበረ ያስብ።